ወደ ውቤ በረሃ የሚያደርሰው ሰው

ውቤ በረሃን በእግሩ ዞሮ ማየት የሚፈልግ ሰው ዘግይቷል። ስሙ ዛሬም አለ፤ የድሮ የአራዳ ሰው ቢጠይቁ እጁን ዘርግቶ ይጠቁምዎታል። የተጠቆሙበት ቦታ ሲደርሱ ግን በሩ ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለበት ቤት፣ ከውስጥ የሚሰማ ክራር፣ ከአንዱ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባ ወንድ አያገኙም። ጎረቤቶቹም ቢሆኑ አልተረፉም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ በፒያሳ ዙሪያ ሲያልፍ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ስለዚህ ውቤ በረሃን አሳየኝ ለሚለኝ ሰው የምሰጠው አድራሻ የመንገድ ስም ሳይሆን የሰው ስም ነው፦ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር።

ይህን የምለው የአራዳ ልጅ ሆኜ አይደለም። እኔ የዲላ ሰው ነኝ። ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠች የቡና ከተማ ናት። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወዲህ፣ ልምጣ ብሎ የሚደውልልኝ ወዳጅ በርክቷል። ቀኑን በደስታ አስጎበኛለሁ፤ የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች፣ ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡና፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበትን ሶንጎ። ሲመሽ ግን ሁሉም አንድ ጥያቄ አላቸው፤ ማታስ ወዴት ነው የሚኬደው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው ሁልጊዜ ስብሐት ትዝ የሚለኝ። በአማርኛ ሰውን ይዞ ሌሊት ሰፈር በማስገባት እሱን የሚያህል መንገድ መሪ አላውቅም።

ስብሐት የተወለደው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አካባቢ፣ እርባ ገረድ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ቀኑን ልብ ይበሉልኝ። የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዕለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻቸው የተመለሱትም በዚሁ ቀን ስለሆነ፣ የሰውየው ልደት በየዓመቱ ከድል በዓል ጋር ይውላል። ስብሐት በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ትምህርት ቤት ገባ። እርባ ገረድን ግን አልረሳትም፤ በአጫጭር ታሪኮቹ ውስጥ የገጠር ልጅነት እየተመላለሰ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስብሐት አፉን የፈታው በትግርኛ ነው፤ አማርኛ በኋላ የመጣ ቋንቋው ነው። እኔም አማርኛን ከጌዴኡፋ በኋላ የተማርኩ ነኝና ይህ ነገር ይገባኛል። ቋንቋን ከእናቱ ጉያ ያላገኘ ሰው አንዳንድ ጊዜ የቋንቋውን ይሉኝታ አብሮ አይወርስም። የአማርኛ ሰው በሰምና ወርቅ ሸፍኖ፣ በቅኔ አሽሞንሙኖ የሚያልፈውን ነገር ስብሐት በስሙ ጠራው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ቡና ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ዐረፍተ ነገሮች። በዚያ ዘመን የነበረውን ከባድ የጽሕፈት አማርኛ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

አሁን ወደ ሰፈሩ እንግባ። ውቤ በረሃ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። ደጃዝማች ውቤ፣ ዘውዲቱ ምኒልክ ገና ንግሥት ሳይሆኑ፣ ከራስ ጉግሣ ወሌም በፊት፣ ባላቸው የነበሩ መኳንንት ናቸው። አንድ መኳንንት ስሙ በጠጅና በሴት ተጠርቶ ይቀራል ብሎ የሚያስብ የለም፤ ሰፈር ግን ባለቤቱን አያስፈቅድም። በረሃ የሚለው ቃል ደግሞ እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በእኛ አገር በረሃ የሚገባው ሽፍታ ነው። በቀን ለአለቃው የሚሰግደው ጸሐፊ፣ ዲሲፕሊን የሚያስጨንቀው የክብር ዘበኛ ወታደር፣ አባቱን የሚፈራው ተማሪ፣ ሁሉም ሲመሽ ወደዚያ ሲሸፍት ስሙ ከበረሃ ሌላ ምን ሊሆን ነበር?

ሰፈሩ በተለይ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባሉት ዐሥርተ ዓመታት ደመቀ። ቤቶቹ ጠባቦች ነበሩ፤ ከፊት ለፊት መጠጥ መሸጫ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ አልጋ። የቤቶቹ ሴቶች ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ናቸው፤ ያለ ዕድሜያቸው ተድረው ከባላቸው የሸሹ፣ የተፈቱ፣ ግርድናው ያስመረራቸው። በጊዜው ትልቁ ሙዚቃ የመንግሥት ነበር። ዘመናዊ ሙዚቃን በአብዛኛው የያዙት እንደ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስና ሀገር ፍቅር ያሉ ባንዶች ነበሩ፤ አምሐ እሸቴ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም የጀመረው በ1961 ዓ.ም. ነው። በውቤ በረሃ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ግን ክራርና ማሲንቆ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ አደሩ።

ስብሐት በወጣትነቱ የዚህ ሰፈር ደንበኛ ነበር። ይህን አልደበቀም፤ ኋላም አላፈረበትም። የሚገርመው ግን ስለ ሰፈሩ የጻፈው እዚያው ተቀምጦ አለመሆኑ ነው። ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ኤክስ ኦን ፕሮቫንስ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ በነበረበት ጊዜ ነው ሌቱም አይነጋልኝን የጻፈው። ሰው ከአገሩ ሲርቅ ስለ ተራራዋና ስለ ባንዲራዋ ይጽፋል ተብሎ ይጠበቃል። እሱ የናፈቀው መጋረጃ የተጋረደበት በር ነው። ኤሚል ዞላ በፓሪስ ጎዳናዎች ያደረገውን፣ የከተማን ሆድ ዕቃ ያለ ርኅራኄም ያለ ጥላቻም ዘርግቶ ማሳየት፣ ስብሐት በአራዳ አደረገው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

መጽሐፉን እንደ መንገድ መሪ ያንብቡት ስል ቀልዴን አይደለም። ተራ መንገድ መሪ የሚያወራው ለደንበኛው ነው፤ የት ይጠጣል፣ ስንት ያስከፍላል፣ ስንት ሰዓት ይዘጋል። ስብሐት የሚያወራው ስለምትቀዳው ሴት ነው። እንዴት እንደምትስቅ፣ ከማን ጋር እንደምትጣላ፣ በማን እንደምትቀና፣ ማንን እንደምትወድና ስታረጅ ምን እንደምትፈራ። ሴቶቹን አያዝንላቸውም። ይህን ብዙ አንባቢ እንደ ጭካኔ ያየዋል፤ እኔ ግን ትልቁ ቁም ነገሩ ይመስለኛል። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሴተኛ አዳሪ ስትገባ አንድም ለማስተማሪያ ትሞታለች፣ አንድም ንስሐ ገብታ ትድናለች። የስብሐት ሴቶች ለማንም ትምህርት ሲሉ አይሞቱም። ጠዋት ይነሣሉ፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ቡና ያፈላሉ።

ይህን ያልኩት ጉድለቱን ለመሸፈን አይደለም። ስብሐት በዚያ ቤት ውስጥ ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ አያውቅም። ከፋይ ነበር። ከፋይ የሚያየው ነገር አለ፤ የማያየውም አለ። ሴትዮዋ ብቻዋን ስትቀር የምታስበውን እሱ የጻፈው በግምት ነው፤ ግምቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ እንኳ የራሷን ሌሊት ጽፋ አላየሁም። ስለዚህ ውቤ በረሃን የምናውቀው በአንድ ዓይን ነው፤ ጥሩ ዓይን፣ ግን የወንድ ዓይን።

ሕግ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የመጽሐፉ ዕጣ ፈንታ ከይዘቱ ባልተናነሰ ይስበኛል። በንጉሡ ዘመን ማንኛውም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ያልፋል፤ በደርግም እንዲሁ። ሌቱም አይነጋልኝ በዚያ በር የሚያልፍ ጽሑፍ አልነበረም። እኔ በ1980ዎቹ ሥድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ ስለ መጽሐፉ የሰማሁት ከታተመ መጽሐፍ አይደለም፤ በእጅ በእጅ ይዘዋወር ስለነበረ ቅጂ ከሚያወሩ ልጆች ነው። ያነበበ ሰው ያላነበበውን በንቀት ያያል። ያላነበበው ደግሞ አንብቤያለሁ ብሎ ይዋሻል።

ቅድመ ምርመራ በጥቅምት 1985 ዓ.ም. በፕሬስ ነፃነት አዋጅ ተነሣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ደግሞ ክልከላውን አጸናው። ታዲያ መጽሐፉ በማግስቱ ወጣ? አልወጣም። ሳንሱሩ ከቢሮው ቢወጣም በየሰው ልብ ውስጥ ወንበር ነበረው። በ2004 እ.ኤ.አ. አክት ሲውድ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ የአዲስ አበባ ሌሊቶች በሚል ርእስ በፈረንሳይኛ አወጣው፤ እንግዲህ የፈረንሳይ አንባቢ ስለ ውቤ በረሃ በነፃነት ሲያነብ የእኛ ሰው ገና ማንበቡ ያሳፍር አያሳፍር እያለ ይከራከር ነበር ማለት ነው። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ብልግና ነው የሚሉ አሉ። የወንጀል ሕጋችን ጸያፍ ጽሑፍን ይከለክላል፤ ነገር ግን ፍትወትን ለመቀስቀስ ያልታሰበ፣ የኪነ ጥበብ፣ የሥነ ጽሑፍ ወይም የሳይንስ ፋይዳ ያለውን ሥራ ከዚህ ያወጣል። ሌቱም አይነጋልኝን አንብቦ ፍትወት የተቀሰቀሰበት ሰው ካለ፣ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አላነበበውም ብዬ እጠረጥራለሁ። ሲጨርሱት የሚተርፍዎ ስሜት ድካም ነው፤ የሴቶቹ ድካም።

ሴቶቹንም በተመለከተ ሕጉ የያዘው አቋም ለብዙ ሰው ግልጽ አይደለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ገላዋን የምትሸጥን ሴት በዚህ ሥራዋ ብቻ ወንጀለኛ አላሉም። የሚቀጣው፣ በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 634 መሠረት፣ በሌላ ሰው ገላ ነግዶ ጥቅም የሚያጋብሰው ነው። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በተግባር ግን ሕጉ እሷን ወንጀለኛ ካላላት በኋላ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ደመወዟን የከለከላትን፣ ክፍሏ ውስጥ የደበደባትን፣ ሳይከፍላት የወጣውን ከስሳ ፍርድ ቤት የቆመች ሴት በጥብቅና ዘመኔ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ከፈረንሳይ መልስ ስብሐት በጋዜጠኝነት ሠራ፤ መነን መጽሔትና አዲስ ዘመን ጋዜጣ ብዕሩን ካሳረፈባቸው ውስጥ ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ ሌሊቱን የገደለው አዋጅ ሳይሆን ሰዓት እላፊ ነው። በደርግ ዘመን የአዲስ አበባ ሰው በጊዜ ቤቱ መግባት ነበረበት፤ ያልገባ ያደረበት ማደር ግዴታው ነበር። ውቤ በረሃ በሰዓት ተወስኖ ሊኖር አይችልም። ብዙ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሲሰደዱ ስብሐት እዚሁ ቀረ። በእነዚያ ዓመታት ወዳጁ በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው ደራሲው ውስጥ ሲራክ የሚባል ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ ሲራክን ያነበበ ሁሉ ስብሐትን አየ። በዓሉ ራሱ በ1976 ዓ.ም.፣ ኦሮማይ ከወጣ በኋላ፣ እንደወጣ ቀረ። ይህ ሁሉ በሆነበት አገር አንድ ሰው ስለ መሸታ ቤት በመጻፉ ብቻ ተወቅሶ መቆየቱ ይገርማል።

በኋለኛው ዕድሜው ስብሐት ጋሽ ስብሐት ሆነ። እግረ መንገድ በሚል ርእስ የሚታወቁት መጣጥፎቹ ከልብ ወለዶቹ ይልቅ ብዙ ሰው ጋር ደረሱ። ወጣት ጸሐፍት ይከቡታል፤ ጫት ይቀርባል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ከእነዚያ ወጣቶች አንዳንዶቹ ከሱ የወሰዱት ጫቱን ብቻ ነው የሚል ወቀሳ አለ፤ እውነትነት የለውም አልልም። ብርጭቆና ጫት ጸሐፊ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ዲላ በየሳምንቱ አንድ ደራሲ ባወጣች ነበር። ከስብሐት ያልወሰዱት ትልቁን ነገር ነው፤ በየትም ቦታ ተቀምጦ ሰውን ያለመናቅ ችሎታውን።

ያረፈው የካቲት 12 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ በሰማዕታት ቀን። ከመንግሥት ሥነ ሥርዓት እንደሱ የራቀ ሰው አላውቅም፤ ልደቱም ሞቱም ግን ባንዲራ በሚሰቀልበት ቀን ሆነ።

እንግዲህ ማታ በዲላ ወዴት እንደሚኬድ ለሚጠይቁኝ እንግዶች ከስብሐት የተማርኩትን ልንገራቸው። በመጀመሪያ ወቅቱን ይምረጡ። የዲላ ሌሊት የሚደምቀው ቡና ሲለቀም ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ያኔ ነጋዴው፣ ሰብሳቢው፣ የጭነት መኪና ሹፌሩና ረዳቱ ከተማዋን ይሞሏታል። ገንዘብ ይገባል፣ ገንዘብ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ቡና ቤት የሚል ጽሑፍ አይተው ቡና ለመጠጣት አይግቡ። ይህ የአማርኛችን ጉድ በሌላ ከተማ ብዙም አያስቅም፤ ይርጋ ጨፌን ጎረቤት ባደረገች ከተማ ውስጥ ግን ቡና ቤት ገብቶ ቡና ማጣት እንግዳን ግራ ያጋባል። ቢራ አለ፤ አረቄም አለ። ቡናውን ጠዋት ይጠጡ።

ሦስተኛ፣ ከኋላ ክፍሎች ያሉት ቡና ቤት ከሆነ ባንኮኒው ላይ የምታስተናግድዎት ልጅ የዲላ ልጅ የመሆኗ ነገር ያጠራጥራል። እንደ ውቤ በረሃዎቹ ሁሉ እዚህም የሚሠሩት አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው፤ የእኛም ልጆች በተራቸው ሻሸመኔና ሐዋሳ ይሄዳሉ። ሴት ልጅ በተወለደችበት ከተማ ይህን ሥራ አትሠራም፤ ዘመድ አለ፣ ዕድር አለ። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ኤችአይቪ የሞያሌን መንገድ ይዞ ሲወርድና ሲወጣ ከየቡና ቤቱ ስንት ልጅ እንደረገፈች የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ብዙዎቹ የተቀበሩት በሥራ ስማቸው ነው፤ እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም የሚያውቅ በከተማው አልነበረም። በየገጠሩ ልጄ ዲላ ሄዳ ቀረች ብለው ሳያውቁ የሞቱ እናቶች አሉ ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ስሟን ይጠይቁ፤ የምትነግርዎትን ይቀበሉ። እንዴት እዚህ ሥራ ገባሽ ብለው አይጠይቁ፤ በየማታው የሚጠይቃት አለና መልሷ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ዕድሜዋ ከተጠራጠሩ ጉዳዩ የጨዋታ አይደለም፤ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ሕጉ ስለ ሌላ ወንጀል ነው የሚያወራው፣ ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ መጠጣትም ነውር ነው። ሂሳብዎን ተስማምተው የጠሩትን ያህል ይክፈሉ። ስልክዎን አውጥተው ፎቶ አያንሡ። ስብሐት ከዚያ ሁሉ ሌሊት ያተረፈው በቃል የያዘውን ነው።

በዲላ ትምህርት ቤት ገብቶ ይህን ሌሊት እያየ ያደገ ሰው ብዙ ነው። ኮሌጁ በ1988 ዓ.ም. ከተከፈተ፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ብዕር ያነሣ ወጣት አልጠፋም። ስለ ቡናው ግጥም ሞልቷል። ስለ ቡና ቤቱ እስካሁን አንድ መጽሐፍ አላየሁም፤ ከባንኮኒው ማዶ ሆና የጻፈች ሴትማ ጭራሽ። እየጻፈች ያለች ካለች፣ አሳታሚ ይህ ይከሰሳል ብሎ እንዳያስፈራራት ረቂቁን ታምጣልኝ። ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ አሳያታለሁ፤ የምክር አገልግሎት ክፍያ አልጠይቅም።